ለኩላሊት ጠጠር ሦስት ፕሮፎርማ

ለተከበሩ አቶ ተስፋጽዮን፣ የሠራተኞች ሕክምና ወጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ለሚ ኩራ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የኮሚቴው አባላትም በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ኩላሊትዎ ደኅና ይሁንልኝ፤ በራስዎ መመሪያ መታከምን ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ የጎሮ ነዋሪ ብዙአየሁ፣ በሳይታችሁ ላይ ኤክስካቫተር የሚያንቀሳቅሰው የጅሬኛ ባለቤት ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ፣ ቢሮዎ ደጅ ስጠና ዘበኛው እንኳ እኔን ለማየት ስለተሳቀቀ ነው። ቅሬታ ቢመስል ይቅር ይበሉኝ፤ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ኩላሊት እንደ ቢሮ ወንበር በጨረታ እንደሚታከም ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ዶክተር ቢሩክ የባለቤቴ የኩላሊት ጠጠር ትልቅ ስለሆነ በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ተገብቶ በአንዴ ይውጣ ብለው ጽፈው ነበር። ኮሚቴው ግን ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ ስላለኝ ከቦሌ እስከ ሳሊተ ምሕረት ዞሬ አመጣሁ። አንዱ ሆስፒታል በጀርባ የማውጣቱን፣ ሌላው በሽንት ቧንቧ ገብቶ በሌዘር የመሰባበሩን፣ ሦስተኛው ከውጭ በሞገድ የማፍረሱን ዋጋ ሰጡ። ሦስት የተለያዩ ሕክምናዎች ቢሆኑም ኮሚቴው የመጨረሻዋን የዋጋ መስመር ብቻ አይቶ ርካሹን ሞገድ መረጠ። ለዚህ ጠጠር ሞገዱ መደጋገም እንደሚፈልግና ላይሳካም እንደሚችል ሐኪሙ የጻፉትን ያነበበልኝ አልተገኘም።

2ኛ. ጠጠሩ በከፊል ተሰብሮ ስባሪው ቧንቧውን ዘጋው። ለሁለተኛው ዙር አዲስ ግዢ ነው ተብሎ እንደገና ሦስት ፕሮፎርማ ተጠየቅሁ። ሳመጣ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም፤ ጉባኤው ሲሟላ የፕሮፎርማው ጊዜ አልፎበታል። ጅሬኛ በዚህ መሃል ግድግዳ እየተደገፈ ሽንት ቤት ይሄድ ነበር። እኔ ወገቡን ከመያዝ በቀር ምንም አላደረግሁም፤ ማድረግ የምችለውም አልነበረኝም።

3ኛ. ይህ እንኳ ያለማወቄ ጥያቄ ነው። ባለቤቴ እንደሚነግረኝ፣ መሠረት ሲቆፈር ዓለት ካጋጠማችሁ ማሽን የምትከራዩት የቀን ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አይደለም። ሥራውን በስንት ቀን ይጨርሳል ብላችሁም ታሰላላችሁ፤ ርካሹ ሲገተር ከሚከርም ውዱ ይሻላል ትላላችሁ። ይህ ጥበብ ከሎሚ ለምታንስ ጠጠር ለምን እንዳነሰ ሊገባኝ አልቻለም።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ቢሩክ የቀኝ ኩላሊቱ መግል ቋጥሮ ሥራ ስላቆመ መውጣት አለበት አሉን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮሚቴው ይህን በዚያው ዕለት አጸደቀ። ኩላሊቱ ከወጣ በዚያ በኩል ጠጠር ስለማይመለስ ከሁሉም አዋጭ ነው መባሉንም ሰማሁ። የርካሹ ሞገድና የኩላሊት ማውጣቱ ዋጋ ተደምሮ ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዙትን መብለጡ ደስታችሁን እንዳይቀንሰው እጸልያለሁ። ለዚህኛውም ሦስት ፕሮፎርማ አምጥቻለሁ፤ ምን ላድርግ።

የቁጠባ ችሎታዎን አድናቂ፣ ደጅዎን የለመደች፣ አቤት ከማለት ሌላ አቅም የሌላት ትሑት አመልካችዎ፣
ብዙአየሁ፣ ከጎሮ

ግልባጭ፦ ለጅሬኛ ግራ ኩላሊት፣ እንዲያውቀው።

ማሳሰቢያ፦ በግራው ኩላሊትም ትንሽ ጠጠር ታይቷል። ፈጣሪ ሦስት መስጠት ሲገባው ሁለት ብቻ ሰጥቶ መመሪያችሁን ስላላሟላ፣ ከእንግዲህ የምታወዳድሩበት ትርፍ ኩላሊት የለንም።