ልጅሽ ያልሰማችው ውጤት

ውድ አፈ ጉባኤ፣

ይህን ስም ያወጡልሽ የታማሚ ልጆች ማኅበራችን እናቶች ናቸው፤ ማይክ ከያዘች የሚነጥቃት የለም ብለው። እኔማ ከአንቺ በፊት አፍም አልነበረኝ። የልጄ ደም አንዴ ከፈሰሰ በቀላሉ እንደማይረጋ እያወቅሁ፣ ጉልበቱ ለምን እንዳበጠ ለጠየቀኝ ሁሉ ወድቆ ነው እል ነበር። የራስሽን ወንድ ልጅ በዚያው በሽታ ሆስፒታል አስተኝተሽ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልሽ እጄን ይዘሽ ወደ ስብሰባ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ።

ሴቶች ልጆቻችንንም እናስመርምር ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እነሱ ሳይታመሙ ለሚወልዱት ወንድ ልጅ ሊያወርሱት ይችላሉና። የሴት ልጅሽ ውጤት ሲነገርሽ አጠገብሽ ነበርኩ። ተሸካሚ ናት አለን ሐኪሙ። ገና ልጅ ናት፣ ስታድግ እነግራታለሁ ብለሽ ማልሽልኝ። አንቺን ያላመንኩ ማንን ላምን?

የሠርጓ ዕለት ልጄ በክራንቹ እያነከሰ አብሮኝ መጣ። የሙሽራው እናት ምን ሆኖ ነው ብትልሽ፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ «መኪና ገጭቶት ነው» አልሻት። የራስሽን ልጅማ ጭራሽ አክስቱ ቤት ልከሽው ኖሯል። ቤት ስንገባ ልጄ፣ «እማዬ፣ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ ወይስ በሽታዬ?» አለኝ። የደበቀችው ለአማቶቿ እንጂ ለልጇስ ነግራታለች ብዬ ንዴቴን ዋጥኩት።

ዛሬ ልጅሽ ሆዷ ገፍቶ ቤቴ መጣች። ወንድ ነው አሉኝ አለች እየሳቀች። ሐኪሞቹ የደምሽን ነገር ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ምኑን? እማዬ እኮ ንጹህ ነሽ ብላኛለች።»

አስቀምጬ ነገርኳት። ሐኪሞቹ ሳይዘጋጁ ምጥ ቢመጣ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ውስጥ ደም ቢፈስ ምን እንደሚሆን ስንቷን እናት አስተምረሻል። ለባዕድ የተረፈ አፍሽ ለገዛ ልጅሽ ምነው ጠፋ? ከዳሽን፤ እኔንም፣ እሷንም፣ ያንን በክራንች የቆመ ልጄንም።

ልጅሽ ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ጋደም አለች። ለባሏ ራሷ ትነግረዋለች፤ ነገ ሦስታችንም የደም ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን። «ምጡ ሲመጣ ማንን ልጥራልሽ?» አልኳት። «ባሌና አንቺ ትበቁኛላችሁ» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት። አንቺን አላነሳችሽም።

አምናሽ የነበረች እህትሽ