ዘጠና የነበረው ሰባ

ውድ ልጄ ፔይ-ሻን፣

ከቤታችን ከታይናን ከወጣሽ ስምንት ወር ሆነሽ። ስልኬን እንደማታነሺ ስላወቅኩ በእርሳስ እየጻፍኩልሽ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ጥዬዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩበት እጄ ግን የተጻፈ ወረቀት ሲያይ አሁንም ያቁነጠንጠዋል፤ ምን ላድርገው።

ያን ቀን ጠዋት የዓሣ ሾርባሽን ሳትነኪው አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽልኝ። "እማ፣ ሲመችሽ እይልኝ" ብለሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ጭንቀቱና ድባቴው ተደርበው ከያዙሽ፣ ከባንክ ሥራሽም ከቀረሽ ወዲህ፣ በገዛ እጅሽ ያሳየሽኝ የመጀመሪያ ነገር ነበር። የሚያስጨንቅሽን ሐሳብ እየጻፍሽ እንድትመረምሪው ሐኪምሽ የሰጠችሽ የቤት ሥራ መሆኑን አውቅ ነበር። የቤት ሥራ ከተባለ ደግሞ እኔን ማን ይችለኛል።

ልማዴን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ የማየው ውጤቱን ነው። ሲጀመር ዘጠና፣ ከሦስት ወር በኋላ ሰባ። ሌላውን ሳላነብ ሰባውን በቀይ አከበብኩት። "ለምን ወረደ? ከዚህ የተሻለ ትችያለሽ" ብዬ ጻፍኩበትና ፈረምኩ።

ወረቀቱን መለስኩልሽ። "እማ፣ እዚህም ወደቅኩ?" አልሽኝ።

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። "ሰባማ መውደቅ አይደለም፣ ትንሽ ጠንከር በይ ነው ያልኩሽ።"

በሳምንቱ ወደ ሁዋሊየን ከተማ ሄድሽ። ወረቀቱን ትራስሽ ሥር አገኘሁት፤ ያኔ ነው ያነበብኩት። ሐሳብ በሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል "እናቴ ታፍርብኛለች" ይላል።

ሐኪምሽ ዘንድ ሄድኩ። ስለ አንቺ ትንፍሽ አላለችም። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት። "ሰው የጻፈውን ሐሳብ ከመቶ ስንት እንደሚያምነው ነው። ሲወርድ ደስ ይለናል" አለችኝ። ሃያውን ለማውረድ ሦስት ወር ብቻሽን ታግለሻል። እኔ በአንድ ደቂቃ መልሼ ሰቀልኩት። መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አፍሬብሽ አላውቅም ብልሽ ውሸት ነው። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ጉዎ፣ ልጄ ታይፔይ ለሥልጠና ሄዳለች ብያታለሁ፤ አንቺ እኮ ግድግዳው ማዶ ተኝተሽ ነበር። ሰምተሽኛል መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። አሁን የማፍረው በራሴ ነው።

ሐኪምሽ ለእኔም ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ሞልቼው ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሐሳቡ "ልጄ አትመለስም" ነው፣ ዘጠና አምስት። ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ በሚለው ሥር ቦታ እስኪጠበኝ ጻፍኩ። የሚቃወም በሚለው ሥር ግን ያገኘሁት አንድ ነው፤ "እይልኝ ብላ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ነበር።" እሱን ከጻፍኩ በኋላ ዘጠና ሆነ።

እንድታርሚኝ አይደለም። ሲመችሽ እይልኝ።

እናትሽ
ሊን ሹ-ቺን