የዓሦቹ ስድብ

ጃንዋሪ 6

ዝናብ። ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ሐይቁ የት እንዳለ በድምፁ ብቻ ነው የሚታወቀው። ማስገር ከታገደ አምስት ሳምንት ሞላው። እስከ ማርች ድረስ መረብ ውኃ ውስጥ የነከረ ይታሰራል። ዓሣው እንዲራባ ነው ይላሉ። ዓሣው መራባቱን እንጃ፣ ወሬው ግን ተራብቷል።

የካሌንጋ ነዋሪዎች መጽሐፍ እየገፋ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ጨርሻለሁ፤ ሃያው የሞቱ፣ አሥራ አንዱ ያሉ። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። ያዘዘኝ የመንደራችን ሹም ምዌዋ ነው፣ «ሉሳካ ሠላሳ ዓመት ያስተማርክ ሰው ነህ፣ ለልጆቻችን የሚቀር ነገር ጻፍልን» ብሎ። ዛሬ ጃንጥላውን ይዞ መጣና በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም አነበበ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ሁሉም አንድ ሰው ናቸው።»

«እንዴት አንድ ሰው?»

«ተወለደ፣ አሰገረ፣ አገባ፣ ሞተ።»

ሌላ ምን አደረጉ ታዲያ? ያላደረጉትን ልጨምርላቸው?

ጃንዋሪ 9

ወፍጮ ቤት ንካንዱን አገኘኋት። ገና ስታየኝ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እንደምን አደሩ መምህር? እናትዎ እንዴት ናቸው?»

ሌሎቹ የዓሣ ወገን ሴቶችም ተራቸውን ለቀቁልኝ። ካሳቫዬን ከሁሉ ቀድሜ አስፈጭቼ ወጣሁ። እንዲህ ከሆኑ ሁለት ወራቸው።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። አሁንም እላለሁ። በጎሳ እኛ የአዞ ወገን ነን፣ እነሱ የዓሣ። አዞ ዓሣ ይበላል፤ ስለዚህ አዞ ሲሞት ዓሦች እየሰደቡ ይቀብሩታል፣ ዓሣ ሲሞት ደግሞ አዞዎች። ከሟች ቤት ያማራቸውን ማንሣትም መብታቸው ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን በኖቬምበር አጎቴ ሲቀበር ንካንዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ «ሐይቅ ዳር ሰባ ዓመት ኖሮ አንድ ቀን ያልታጠበ» አለችው። አጎቴ በየቀኑ ይታጠብ ነበር። ከዚያ ከደጃፌ ጫማዬን አንሥታ ሄደች። አዲስ ጫማ። ለሹሙ በጽሑፍ ከሰስኳት፣ ሁለት ገጽ። ምዌዋ መሬት መሬት እያየ አስመለሰልኝ። ተወልውሎ መጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከዓሣ ወገን የሰደበኝ የለም። ሁሉም ያከብረኛል። ስፈልገው የኖርኩት ይህን አልነበር? ለምን ታዲያ ያናድደኛል…

ጃንዋሪ 14

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። የእናቴ እግር አብጧል፣ ልቧ ደክሟል። ነርሷ ወደ ውጭ ጠርታ «ከአንድ ወር ብዙ የሚያልፉ አይመስለኝም» አለችኝ። ፊቴን አስተካክዬ ልገባ ሞከርኩ።

«ተወው፣ ፈገግታ አያምርብህም» አለች እናቴ። «ስንት ቀን ሰጠችኝ?»

«እናቴ…»

«እሺ። ማነው የሚቀብረኝ?»

«እኔ አለሁ።»

«አዞ አዞን አይቀብርም። ደግሞ አንተ አካፋ ቢሰጡህ ስህተቱን አርመህ ነው የምትመልሰው።»

«ዓሦቹ ይመጣሉ። ግዴታቸው ነው።»

«ይመጣሉ። ቆፍረው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዝም ብለው ቆመው ይሄዳሉ። አክብረውህ።» ትንፋሽ አጠራት። «ካሱባ፣ እኔ በጨዋነት መቀበር አልፈልግም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ስሰድባቸው የኖርኩት ተራዬ ሲደርስ እንዲሰድቡኝ ነው። አንተ አበላሸኸው፣ አንተው አስተካክለው።»

ጃንዋሪ 16

ለንካንዱ የይቅርታ ደብዳቤ። አራት ጊዜ ከለስኩት። እንከን የለውም።

ጃንዋሪ 17

ወሰድኩላት። ግቢዋ ውስጥ ወንድሟ ቺፓሻ መረብ ይጠግናል። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ማንበብ የሚወደው እሱ ነው፤ እሱ ጮክ ብሎ አነበበላት። «…በክብርዎ ላይ ስላደረስኩት ጉዳት ጥልቅ ጸጸቴን እገልጻለሁ…» እሷ እጇን አጣጥፋ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ እንደሚነበብላት ሰው ሰማች። ሲያልቅ ወንበር አስመጣችልኝ። ትራስ አደረገችበት።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ደክመዋል፣ ይረፉ።»

ምን ማለት ነው ይሄ? ተቀበለችው? አልተቀበለችውም? ለእናቴ ነገርኳት። ሳል እስኪይዛት ሳቀች።

«ይቅርታ ጠየቅካት? ዓሣን? የሉሳካ ቃል አማርጠህ?… አሁን ጨርሶ ገደልከው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ስደባት እንጂ።»

ጃንዋሪ 20

ሦስት ቀን ስድብ ስጽፍ። ሊከብደኝ አይገባም ነበር። በእኔ ምላስ ያለቀሰ ተማሪ ስንት ነው…

«እስኪ አንብብ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ንካንዱ፣ አንቺ ከመጠን በላይ ተናጋሪ ሴት ነሽ።»

«ይሄ የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ነው። ቀጥል።»

«ንካንዱ፣ ግቢሽ ንጽሕና ይጎድለዋል።»

«ከእኛ ይሻላል። ቀጥል።»

ሦስተኛውን ሳነብ እንቅልፍ ወስዷታል። ወይም አስመስላለች።

ጃንዋሪ 23

ዛሬ ያደረግሁትን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ነገር እጽፋለሁ።

ከእገዳው በፊት የደረቀውን ትንንሽ ዓሣ ሊገዛ ነጋዴ መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። ሴቶቹ ጆንያቸውን ደርድረው ዳር ላይ ቆመዋል። ሰው ሞልቷል። ጥሩ አጋጣሚ ነው አልኩ። ፊቷ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፦ «ንካንዱ፣ አንቺ ዓሣ አትሸጪም። አሸዋ ነው የምትሸጪው። ከጆንያሽ ከስምንት እጅ አንዱ አሸዋ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ነጋዴው ቀና አለ። እጁን ጆንያው ውስጥ ሰደደና አውጥቶ አየ። አሸዋ ላይ የደረቀ ዓሣ አሸዋ አለው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም። የሷን አራት ጆንያ ትቶ የሌሎቹን ጫነ።

ንካንዱ የጆንያዎቿን አፍ አሰረች። ነጠላ ጫማዋን አነሣች፣ ሄደች።

ቺፓሻ በትሩን ተደግፎ አጠገቤ መጣ። «መምህር፣ ስድብ እኮ ውሸት መሆን አለበት። እውነት ከሆነ ክስ ነው።»

ከስምንት እጅ አንዱ… መዝኜው ነበር። ከእሷ ገዝቼ፣ አንድ ቀን፣ መዝኜው ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጃንዋሪ 25

ለእናቴ አልነገርኳትም። ግን አውቃለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ዋለች።

ፌብሩዋሪ 2

እጆቿም አበጡ። ወገኖቻችን ሁሉ መጥተው ቤቱን ሞልተውታል። አሥራ ሦስት አዞ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም በሹክሹክታ። ከዓሣ ወገን አንድ ሰው የለም። ምግብ በትሪ ይልካሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከሰላምታ ጋር።

እናቴ ትሪውን አየችው። «ሞቼ ነው እንዴ?» አለች።

ፌብሩዋሪ 5

መጽሐፉን ሰበብ አድርጌ ቺፓሻ ዘንድ ሄድኩ። ንካንዱ አልነበረችም። የሟች ባሏን ገጽ አሳየሁት። «ካፔምብዋ። ዓሣ አስጋሪ። በ1998 ሰጠመ። ሦስት ልጆች።»

«ትክክል ነው» አለ። መረቡን ወጠረ። «እናትህ ያን ጊዜ ያደረገችውን ታውቃለህ?»

ሉሳካ ነበርኩ። ምን አውቃለሁ?

ሬሳው አልተገኘም ነበር አለኝ። ንካንዱ ሦስት ቀን አልተናገረችም፣ አላለቀሰችም፣ ግድግዳ ታያለች። በአራተኛው ቀን እናቴ የካፔምብዋን ሱሪ ለብሳ፣ መቅዘፊያውን ይዛ፣ ደረቅ መሬት ላይ እየቀዘፈች በለቀስተኛው መሃል ገባች። ንካንዱ ፊት ስትደርስ ቆማ፦ «አንቺ ሴት፣ መንገድ ጠፍቶኝ ነው የቆየሁት፣ ጎረቤት ጋ አልነበርኩም» አለቻት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ንካንዱ አየቻትና ‹ሱሪውን አውልቂው፣ ቂጥሽ ይቀደዋል› አለቻት። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ከዚያ አለቀሰች።»

ወደ ቤት ስመለስ ገጹን እንደገና አነበብኩት። በ1998 ሰጠመ… አንድም ስህተት የለበትም።

ፌብሩዋሪ 8

ምንም ሳላዘጋጅ ሄድኩ። ወረቀት እንኳ አልያዝኩም። ንካንዱ የተረፈ ዓሣዋን በወንፊት እየነፋች አሸዋውን ታራግፋለች። በእኔ ምክንያት መሆኑ ነው። ሳያት ሁሉም ጠፋኝ። እንደ ግንድ ቆምኩ።

ወንፊቱን አስቀምጣ ተነሣች። «መምህር፣ ወንበር ላምጣልዎ።»

ያ ወንበር። ከነትራሱ። ሲመጣ ሳየው ተናደድኩ። «ወንበርሽን ተይው» አልኩ። «ልቀመጥ አልመጣሁም። እናቴ እራቷን ከመብላቷ በፊት ወፍረሽ እንደሆን አይተህ ና ብላ ነው የላከችኝ። አጥንት ብቻ ናት ብዬ እነግራታለሁ። ለአንቺ ብለን ድስት አንጥድም።»

ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ። ከኋላዬ ቺፓሻን ትንባሆው ትን አለው።

ንካንዱ ወገቧን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ሦስት ወር ያላየኋትን ፊት አየሁ።

«ጥርስ የሌላት አዞ ድስት ምን ያደርግላታል» አለች። «አንተስ ምን አለህ? ጥርስህ ወረቀት ስታኝክ ነው ያለቀው። ቺፓሻ፣ ወንበሩን መልሰው፣ መሬት ይበቃዋል።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ማምሻውን መጣች። ሳታንኳኳ። አሥራ ሦስቱን አዞዎች ገፋ ገፋ አድርጋ እናቴ ምንጣፍ ዳር ደረሰች።

«አንቺ አሮጊት፣ ገና ነሽ? ጉድጓድሽን ከቆፈርነው እኮ ቆየ፣ ዳክዬ ዕንቁላል ጣለበት።»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ዕንቁላሉን አምጪልኝ። የሚያስቸኩለኝ የለም።»

«በምን ጥርስ ልትበዪው?»

«ዕንቁላል በጥርስ ነው እንዴ የሚበላው? ዓሣ ምን ያውቃል።»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ንካንዱ የእናቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ እያሸች እስኪመሽ ተሰዳደቡ። ግማሹን አልጻፍኩትም፣ የሚጻፍ አይደለም።

ፌብሩዋሪ 19

እናቴ አረፈች። ጠዋት፣ ሻይ እያፈላሁላት።

ንካንዱ ሳልልክባት ደረሰች። መጀመሪያ ዓይኗን ከደነችላት። ከዚያ «ሻዩን አምጣው፣ እሷማ አትጠጣውም» አለችና ጠጣችው።

ፌብሩዋሪ 20

ቀበሯት። ዓሦቹ ሁሉ መጡ፣ ከሐይቁ ማዶ ካሉት ደሴቶች ሳይቀር። ንካንዱ የእናቴን ልብስ ለብሳ ነበር፣ ሻሿንም፣ ትከሻዋን እንደ እሷ አጥፋ።

«ይቺ አዞ አያቴን በልታለች፣ አጎቴን በልታለች» አለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ። «ዛሬ የምንቀብረው አንድ ሰው አይደለም፣ ሆዷ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ነው። ስለዚህ አስፉት።»

ቆፋሪዎቹ እውነት መስሏቸው ይመስል ደግመው ቆፈሩ። ሳቅሁ። አለቀስኩም። የትኛው እንደቀደመ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ንካንዱን ከኩሽናው ጀርባ አየኋት። ሻሹን አውልቃ አፏ ላይ ይዛዋለች። አልጠጋኋትም። ሥራዋን ጨርሳለች።

ማርች 3

እገዳው ተነሥቷል። ጀልባዎቹ ከትናንት በስቲያ ወጡ፣ መንደሩ ባዶ ነው።

ምዌዋ የእናቴ ገጽ የት አለ አለኝ። ንካንዱን አስቀምጬ ተናገሪ አልኳት፣ እኔ ልጻፍ።

«ከአዞ ዕንቁላል ነው የወጣችው። ሦስት ቀን ፈጀባት፣ ውስጥ ሆና ስታወራ።»

«የተወለደችበት ዓመት?»

«ሐይቁ ውኃ የጠማው ዓመት።»

ጻፍኩት። እንዳለችው። ሠላሳ አንዱንም እንደገና እጀምራለሁ፣ እያንዳንዱን ከሰዳቢው ጋር ተቀምጬ። መቼ እንደሚያልቅ እንጃ…

ማርች 11

ከዓሣ ወገን ሙኩፓ ሞተ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ወባ። ሚስቱን ከመንገድ ሰላምታ በቀር አላውቃትም። ጎህ ሲቀድ ሦስት ሰዎች በሬን ደበደቡት።

«አዞ፣ ተኝተሃል? ተነሣ፣ ሥራ አለህ።»

ሄድኩ። በሕይወቴ መቃብር ቆፍሬ አላውቅም። ከላይኛው አሸዋ በታች ጭቃ ነው፣ ውኃ ያቁራል። እጄ ተላጠ። ደረቴ ድረስ ስገባ ቀና አልኩ። ሁሉም ዙሪያውን ቆመው እኔን ያያሉ። ሰው ሲሞት ዓሦች የሚጠብቁት ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ሚስትዮዋ ፊት ለፊቴ ነበረች፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት። ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አሉኝ።

ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ተናገርኩ።

ያልኩትን አልጽፈውም። እውነት አይደለም፣ አንድም ቃል። ከሰዓት በኋላ ግን የካሳቫ ገንፎ፣ ንሺማ ሰጧት፣ በላች።