የአማቴ ስም

ሚያዝያ 2፣ ማታ
አካፋ ተቆጠረ፣ ዶማ ተቆጠረ፣ አንድ ባሬላ ጎደለ። ተገኘ፤ እትዬ ዘይነባ ተቀምጠውበት ነበር።

ማስታወሻዬ፣ ካቦ ሆኛለሁ! እኔ ሰዓዳ! ማሳ እየበላ የመጣውን ቦረቦር በድንጋይ የምንከትረው ቡድን አለቃ። አምና ድንጋይ አቀባይ ነበርኩ። ባለቤቴ ሐሰን ወሬውን የሰማው ከባጃጁ ሳይወርድ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ አለ። አፈላ። ስኳር ረሳ። ጠጣሁት።

አንድ ጣጣ ብቻ። ጠዋት ጠዋት ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ ደግሞ አማቴ ናቸው፣ የሐሰን አባት። በእኛ ቤት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ካገባሁ ጀምሮ ጋሼ ብቻ ነው የምላቸው። አንቺ ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

ሚያዝያ 3፣ ረፋድ
ተዋረድኩ። እሳቸው ጋ ስደርስ ምላሴ ታሰረ። ጋሼ አልኩ። ሽማግሌው ሁሉ በአንድ ድምፅ አቤት! ሳቅ በሳቅ። ከግብርና ጽ/ቤት የሚመጣው ባለሙያ ግን አልሳቀም። ስሙ ያልተጠራ እንደቀረ ይቆጠራል፤ መጥራት ካቃተሽ ካቦነቱን ለሌላ እንሰጣለን አለኝ። ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም።

አልሰጥም! ግን እንዴት?

ሚያዝያ 5
ዘዴ ተገኘ። እሳቸው ጋ ስደርስ አስላለሁ፤ ጋሼ አቤት ይላሉ። ባለሙያው ጉንፋን ያዘሽ ወይ አለ። አዎ አልኩ። በዚህ ሙቀት!

ሥራው ይሄዳል። ሁለተኛው ክትር አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ ሳዝዛቸው ወደ ጋሼ ዞረው ያዩ ነበር። ዛሬ ወደ እኔ። ደስ ሲል!

ሚያዝያ 8፣ ከሰዓት
እዚህ ጠብታ የለም፤ ደጋው ግን ጠቁሯል። ሁሉም ከቦረቦሩ ውጡ አልኩ። ወጡ። ጋሼ ብቻ ታች፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ያስተካክላሉ። ጋሼ! ብዬ ጮህኩ። ዳር የቆሙት ሽማግሌዎች ዞሩ፤ እሳቸው አልዞሩም። ደራሽ ጎርፉ ከላይ ያጓራል። ያኔ ስማቸውን ጠራሁ። ጋሼ ሳልል ባዶውን፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። ቀና አሉ። ወጡ። ውሃው ወዲያው ደረሰ። አልሐምዱሊላህ።

ክትሮቹ ያዙ። ከክትሩ ሥር ያለው የእትዬ ዘይነባ የማሾ ማሳ አልተነካም። ሰዉ ግን ክትሩን ትቶ እኔን ያያል። ያ አላህ፣ ምን አደረግኩ? ደስ ብሎኛል። አፍሬያለሁ። ሁለቱም።

ማታ
እራት ላይ ጋሼ አሳላቸው። ሳልሽን አስተላለፍሽብኝ አሉ። ሐሰንን ሻዩ ትን አለው።

ከዚያ ነገሩን አወጡት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የጠራቸው ሰው የለም። ቤት ውስጥ ጋሼ ነኝ፤ ቦረቦሩ ላይ ግን የሚያስል ካቦ እንዳላይ አሉ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሳህኑን ሳላነሳ ተነሳሁ። ሐሰን አነሳው።

ሚያዝያ 9፣ ማለዳ
ሻይ ተፈልቷል። ስኳሩ ዛሬ በዝቷል። ጋሼ ዶማቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ወስኛለሁ። ከሁሉም በፊት የምጠራው እሳቸውን ነው፤ ቀና ብዬ፣ ሳላስል። እስቲ አንዴ አንቺ ላይ ልለማመድ።

ይመር።

ለካ ጮክ ብዬ ነው የምጽፈው። አቤት አሉ ጋሼ ከበር።