በግራ እጅ የተጻፈ ምልክት

ለወንድሜ ለጋሼ ኩኒሂኮ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሚዮኮና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አምና ቡናችሁን ውርጭ መታው ሲባል ሰምቼ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። የእኔን ጤንነት ከጠየቅህ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ብቻ ለአንድ ሰው ሰፋኝ። ሩዝ ለአንድ አፍ መቀቀል እስካሁን አልለመድኩም፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል።

አባባ ካረፉ አምስት ዓመት ሆነ፤ የሳህን መተኮሻ እቶናችንም ያኔ እንደጠፋ ነው። የምኖረው ሰዎች የሚያመጡልኝን አሮጌ ሳህን እየገለበጥኩ፣ ከግርጌው ያለውን ምልክት አይቼ «ይህ የእገሌ ቤት ሥራ ነው» እያልኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሙታ የሚባል የኢማሪ ከተማ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ አምስት ሳህን ይዞ መጣ። አንዱን ብገለብጠው ያንተ ምልክት! ያቺ በክብ ውስጥ የምትጽፋት የስምህ ፊደል። አባባ «በእኔ እቶን የሚገባ ሁሉ የቤቴን ምልክት ይይዛል!» ብለው ሥራህን የሰባበሩባት፣ አንተም ተቀይመህ ብራዚል የሄድክባት። ሳህኑን እያገላበጥኩ ስቆይ ሙታ «እትዬ ሺዙኤ፣ ሙሽራ እየመረጥሽ ነው እንዴ? ሳህን እኮ ነው፤ ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ቀለደብኝ።

ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ደግሜ አየሁት። ነጩ ላይ የእንጨት አመድ ጠቃጠቆ የለበትም፣ በእንጨት እሳት አልተተኮሰም ማለት ነው፤ የጋዝ እቶን ያስገባነው ደግሞ አንተ በሄድክ በስምንተኛው ዓመት ነው። መስመሩም ያንተ አይደለም። አንተ ስትጨርስ ብሩሹን ቀለል አድርገህ ታነሳዋለህ፤ ይህ ግን መጨረሻው ላይ ወፍሮ ይቆማል። አባባ ቀኝ እጃቸው ሽባ ከሆነ በኋላ በግራቸው ሲጽፉ እንዲህ ነበር። ሰማያዊውን ቀለም የምፈጭላቸው እኔ ነበርኩና አይጠፋኝም። ስምህ በቤታቸው እንዳይነሳ የከለከሉት ሰው!

ሙታ ሳህኖቹን የገዛው ካራትሱ ከተማ ካሉት ከሥዕል መምህርህ ከኮጋ ሚስት ኖሯል። በማግስቱ በባቡር ሄድኩ። አሮጊቷ እጄን ይዘው «ባለቤቴ እስኪሞቱ ድረስ ‹ከተማሪዎቼ ሁሉ ያልረሳኝ ኩኒሂኮ ብቻ ነው› ይሉ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሳህን ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም ነበር። አባትሽ ናቸው በዚያ በማይታዘዝ እጃቸው ተሸክመው ‹ልጄ ስጥልኝ ብሎኝ ነው› እያሉ ያመጡልን የነበሩት። እንዲህ ያለ ልጅ ማን ወለደ!» አሉኝ። እኔም «አዎ፣ እሱ እንዲህ ነው» አልኩ። አሁን ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ ዕቃ እያወጡ ነው፤ አንዷን ሳህን ግን ለራሳቸው አስቀርተዋል።

ሙታ ሳህኖቹ በሚሸጡበት ሳጥን ክዳን ላይ፣ ለገዢ ማረጋገጫ እንዲሆን፣ የሠሪውን ስም እንድጽፍለት ፈለገ። እውነቱን ብጽፍ ወሬው ካራትሱ ይደርሳል። ውሸት ደግሞ በእጄ ጽፌ አላውቅም። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ «ምልክቱ የኩኒሂኮ ነው» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። የማን እጅ እንደሆነ ግን አንተ እወቀው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቀለሙን ስፈጭ አጠገባቸው ነበርኩ፤ እሳቸው ግን ይህን ይሠሩ የነበረው እኔ ገበያ ስወጣ ጠብቀው መሆን አለበት። እኔም ስትናፍቀኝ ኩሽና ገብቼ ነበር የማለቅሰው። ጋሼ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን፣ አንድ ሰው ናፍቆን፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተደባበቅን።

ወይዘሮ ኮጋ ምስጋናዬን አድርሺልኝ ብለዋል፤ ተቀበል። ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፍላቸው። ሚዮኮን «በጣም ናፍቀሽኛል» በልልኝ። ፓውሎን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው። ትንሿን ሃሩሚን፣ ፊቷን ባላውቀውም፣ ጉንጯን ሳምልኝ። ከዚህ በኩል ሰላም የሚልህ ከእኔ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ የሁሉንም ድርሻ እኔው ልኬልሃለሁ።

እህትህ ሺዙኤ
አሪታ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1976