ጉም የማያግደው

ሰኞ፣ የካቲት 4

የክትባት ቀን። ከተማ ዳር ያሉትን የወተት ላሞች ጨረስን። አንዷ ረገጠችኝ። ጭኔ በልዟል። አመመኝ? እንጃ...

ከሰዓት አለቃዬ ጠራኝ። «ዶክተር፣ ሹፌር አልተገኘም። ከመጋቢት ጀምሮ ገጠሩን ራስሽ እየነዳሽ ትሠሪያለሽ። ጂፒኤስ ምረጪና ንገሪኝ፤ መሥሪያ ቤቱ ይገዛል።»

«እሺ» አልኩ። ምን እላለሁ? መንዳቱን እችላለሁ። መንገዱን ነው የማላውቀው። መንገድ የባሌ ሥራ ነበር፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። «ዶክተሯ፣ ላሟ ደርሳለች፣ ተነሽ» ብሎ ይቀሰቅሰኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

አማቴ ሽንኩርት እየላጡ «ምንድን ነው የምትገዢው?» አሉኝ።

«መንገድ የሚያሳይ ዕቃ ነው፣ እማማ።»

ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠሉ። ልጃቸውን ከቀበርን ወዲህ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። እኔም ይሂዱ አላልኩም። አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን፣ ስለ እሱ ግን አንዲት ቃል አንተነፍስም። እንዴት እንዲህ ሆነ? ማን ጀመረው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ለመኪና ነው ለእግር?»

«ለሁለቱም። መኪና የማይገባበት ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ ወርጄ እሄዳለሁ።»

አንዱ ትልቅ ስክሪን ያለው፣ የሚናገር። ጥሩ ነው፣ ግን ቻርጀር ላይ ካልተሰካ ቶሎ ይሞታል። ሌላው ጡብ የሚያክል፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቁልፎቹ በጓንት ይነካሉ። እሱ ደግሞ አይናገርም፤ ስክሪኑም መሪ ይዤ የማየው ዓይነት አይደለም። ሦስተኛው መካከለኛ ነው። መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ሲወርዱ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ።

«ውሃ ቢነካውስ?»

«ዋና ይችላል» አለ። መሳቅ እንደነበረብኝ የገባኝ ከቆየ በኋላ ነው።

«እንሞክረው። የት መሄድ ይፈልጋሉ?»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ከኋላዬ ያለው ገበያተኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የትም» አልኩ።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። የራሱን ሰፈር ጻፈበት። ዕቃው ውስጥ ያለችው ሴትዮ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለች።

ሳልገዛ ወጣሁ።

እሑድ፣ የካቲት 10

ምንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ከሥራ ወጥቼ ተመልሼ ሄድኩ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«ጉም ውስጥ ይሠራል?»

«ጉም አያግደውም እህቴ። ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። የሚያስቸግረው ጥቅጥቅ ያለ ጫካና ጥልቅ ገደል ነው። ደግሞ ይሄን ይዩ... የሄዱበትን ዱካ እየመዘገበ ይሄዳል። መመለሻ ሲሉት በዚያው ዱካ ያወጣዎታል። አንድ ሜትር ወደፊት ባያይ እንኳ ሰው አይጠፋም።»

ደጋግሞ አሳየኝ። ሰማያዊ መስመር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀስት። አየሁት። አየሁት። ዓይኔ ደረቅ ነው። የሌላ ሰው ታሪክ የሚነገረኝ ይመስል ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ኮረብታ ሥር መኪናችንን ጭቃ ያዘው። እኔ መድኃኒቱን ስጠብቅ ቀረሁ፣ ባሌ የሚገፋ ሰው ሊጠራ ሽቅብ ወጣ። ኮረብታው ላይ ያለው መንደር ደርሶ ነበር። «ትንሽ ቆይ፣ ጉሙ ይግለጥ» ብለውታል። «ሚስቴ ብቻዋን ናት» ብሎ ተመለሰ። ሲመለስ ነው ጉሙ ያሳተው። በማግሥቱ ገደል ሥር አገኙት።

መሄጃውን ማንም ያገኘዋል። መመለሻው ነው...

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ልብስ ሳሰጣ አማቴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሸሚዝ አቀበሉኝ። ሌላ አቀበሉኝ።

«ይሄ ያልሽው ዕቃ... ያኔ ቢኖር ልጄ ይመጣ ነበር?»

ሻጩ የነገረኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ጉም አያግደውም። ገደል ያስቸግረዋል። አዎ ብላቸው እንዴት አድርገው ይኖራሉ? አይደለም ብላቸውስ ያምኑኛል?

«አላውቅም፣ እማማ።»

የቀረውን ጨርቅ በሙሉ አቀበሉኝ። ባልዲውን አንስተው ከሄዱ በኋላ ከበሩ ላይ ዞር አሉ።

«ግዢው» አሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ሦስተኛውን መረጥኩ። አለቃዬ «ጎበዝ» አለኝ። ለምኑ?

እሑድ፣ መጋቢት 1

ሰፈር ውስጥ ስለማመድ ዋልኩ። የዕቃው ሴትዮ ወደ ተዘጋ መንገድ ከተተችኝ። ሰው ግቢ በር ላይ አቁማኝ «ደርሰዋል» አለችኝ። ባለቤቶቹ ወጥተው አዩኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ዕቃውን ነቅዬ ሜዳው ላይ በእግሬ ዞርኩ፣ ዱካዬን ይዟል። ሐሳቡ የጠፋበት ሰው የሣለው መስመር ይመስላል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ጠዋት ስልክ ተደወለ። ላም አምጣ መገላገል አቅቷታል። የት? ያ ኮረብታ ላይ።

ሌላ ሐኪም ይላኩ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቦርሳዬን ጫንኩ። መኪናው እስከሚሄድበት ነዳሁ። ዕቃውን ነቀልኩና ሽቅብ ወጣሁ።

ጥጃው በኋላ እግሩ ነበር የመጣው። እጄ እስከ ትከሻዬ ገብቶ፣ ባለ ላሟ ገመዱን ይዛ፣ ሁለታችንም እየተሳደብን አወጣነው። ፍዝዝ ብሎ ወደቀ። አፍንጫውን ጠረግኩ፣ ጎኑን በሣር ፈተግኩት። አነጠሰ።

ሴትዮዋ ውሃ እያስታጠበችኝ «ሹፌሩስ? ያ ተጫዋቹ?» አለች። ከክረምት ጀምሮ ልጇ ጋ ከርማ ገና ሰሞኑን መመለሷ ነው፤ አልሰማችም።

«ሞተ» አልኩ።

እስከ ዛሬ ለሰው «የለም» ነበር የምለው። ሴትዮዋ ማሰሮዋን ጣለች። እኔን አቅፋ እሷ አለቀሰች። እኔ ቆሜያለሁ።

ስወርድ ጉሙ መጣ። መመለሻ አልኩት። ቀስቷን እያየሁ፣ እግሬን እየፈተሽኩ ወረድኩ። አንድ ቦታ ላይ ቀስቷ ተወላገደች፤ ገደሉ ቅርብ ነው ማለት ነው። ቆምኩ። እስክትረጋ ጠበቅሁ። እዚያ... እዚያ አካባቢ መሆን አለበት። ስሙን ጠራሁት። ጮክ ብዬ።

መኪናው ጋ ደርሼ በሩን ዘጋሁ። መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የዕቃው ሴትዮ «ቀጥታ ይሂዱ» ትላለች። ትበል።

ቤት ስደርስ አማቴ በር ላይ ነበሩ። ደምና ጭቃ የሆነ ልብሴን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

«የት ነበርሽ?»

«ኮረብታው ላይ፣ እማማ። ደርሼ መጣሁ።»

እጄን ይዘው አስገቡኝ። የሚበላ አቀረቡ፤ በላሁ። ጨመሩልኝ፣ በላሁ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና «ልጅ እያለ ጥጃ ይፈራ እንደነበር ነግሮሽ ያውቃል?» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ጠረጴዛ ላይ ይወጣ ነበር እኮ» አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሌላም ነገሩኝ።