የእሹሩሩው ካሴት

ጂንካ፣ ኅዳር 1987

ይድረስ ለእማዬ፣

ከጂንካ ደሴ ካለው መንገድ ይልቅ ናፍቆትሽ ረዘመብኝ። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ልጄ ጸሎት ጥርስ አብቅላለች፤ ገንፎም ጀምራለች። እንቅልፏማ ለጉድ ነው። አውሮፕላኑ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ሲነሳ የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ይሮጣሉ፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። ጎረቤቴ ያለምወርቅ «ታድለሽ፤ የኔው እኮ ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሳል» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ።

እሹሩሩ ስላት ከንፈሬን ትኩር ብላ እያየች ትፍለቀለቃለች። ፊቴን ካዞርኩ ታለቅሳለች። አባቷ ሚልክያስ «ስለምትወድሽ ነው» ይላል፤ ግን ሰሞኑን ከኋላዋ ሆኖ ማጨብጨብ አብዝቷል።

እሹሩሩሽን በካሴት ቀድቼ ልላክላት ያልሽው ይቅር፣ እማ። አንቺው ነይላት፤ ፊትሽን እያየች ትተኛ።

ናፋቂሽ ልጅሽ ሰብለ